የኢየሩሳሌም የነቢያት ጎዳና፦ ሆስፒታሎቹ ለምን መጡ? ለምንስ ሄዱ?

ከአሮጌዋ ኢየሩሳሌም በደማስቆ በር ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሽቅብ የሚያቀና መንገድ አለ። በዕብራይስጥ «ሬሖቭ ሀነቪኢም» ይሉታል፤ የነቢያት ጎዳና ማለት ነው። ከያፎ መንገድ በስተሰሜን ጎን ለጎን ተጉዞ ዳቪድካ አደባባይ ላይ ያበቃል። ረጋ ብሎ የሚሄድ ሰው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በዚህ አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ከ1872 እስከ 1925 ድረስ ስድስት ሆስፒታሎች ተከፍተዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከስድስቱ መካከል ራሱን ችሎ የቆየው የመጨረሻው ቢኩር ሆሊም ነበር፤ እሱም በ2012 መጨረሻ በሻአሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ሥር ተጠቃለለ።

የከተማ ሆስፒታሎች መሀሉን ለቀው ወደ ዳርቻ ይውጡ ወይስ ባሉበት ይቆዩ የሚለው ክርክር ዛሬ በብዙ አገር አለ። ይህ ጎዳና ለዚያ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የመምጣቱም የመሄዱም ታሪክ ሙሉ በሙሉ ይታያልና። እዚህ የተሰበሰቡት በሽተኛ ስለበዛ ብቻ አልነበረም፤ የገፋፋቸው የመንግሥታትና የሃይማኖት ማኅበራት ፉክክር ነው። ያስወጣቸውም የግድግዳ እርጅና አይደለም። ሕክምናው ራሱ ሲለወጥ የሕንጻዎቹ ቅርጽ አልመች አለው።

ፉክክሩ የጀመረው ከቅጥሩ ውስጥ ነው። በ1838 እንግሊዝ በኢየሩሳሌም ቆንስላ ከፈተች። በአይሁድ መካከል ወንጌል ለመስበክ የተቋቋመው የለንደን ማኅበር ሐኪም አመጣ፤ በ1844 ደግሞ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ከፈተ። ረቢዎቹ ነገሩ ገብቷቸዋል፦ መድኃኒቱ የስብከት መንገድ ነው። ምእመናኑ ወደዚያ እንዳይሄዱ አገዱ፤ እዚያ ለሞተም በማኅበረሰቡ መቃብር ቦታ እስከ መከልከል ደረሱ። ድሀ በሽተኛን በውግዘት ብቻ ማስቀረት ግን አይቻልም፤ ሌላ በር መክፈት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው አይሁዳዊ ባለጸጋ ሞንቴፊዮሬ በ1843 ከአውሮፓ የአይሁድ ሐኪም ልኮ ነበር። በ1854 በባለ ባንኮቹ በሮትሺልድ ቤተሰብ ገንዘብ የአይሁድ ሆስፒታል ተከፈተ። ቢኩር ሆሊምም እዚያው ቅጥር ውስጥ የተወለደ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ ስሙ «ሕሙማንን መጠየቅ» ማለት ነው።

የጀርመኖቹ አመጣጥ ለእኛ አንባቢ ቅርብ ነው። ከ1846 እስከ 1879 በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት ከዚያ በፊት በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ ሚሲዮናዊ ሆነው ሠርተዋል፤ አማርኛም ያውቁ ነበር። በኢየሩሳሌም ሳሉ በዴር ሡልጣን ላሉት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጥብቅና ይቆሙ ነበር። በኋላ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የቀረጹትን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ በመላክም የሳቸው እጅ አለበት። በ1851 ከካይዘርስቬርት የመጡት ጀርመናውያን ዲያቆናዊት ነርሶች በሳቸው ዘመን ነው ሥራ የጀመሩት። ነርስነትን በሥልጠና የሚገኝ ሙያ አድርጎ ወደ ከተማዋ ያስገባው ይኸው ቡድን ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ የመውጣቱ ምክንያት ሦስት መልክ አለው። መጀመሪያ ቦታ ነው፤ አሮጌው ከተማ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለተኛው አየር ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታ ከበከተ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ስለነበር ነፋስ የሚመታውን ከፍታ ፈለጉ። ሐሳቡ የተሳሳተ ቢሆንም ውጤቱ ጠቀመ፤ ንጹሕ አየርና ሰፊ ቦታ ለሳምባ በሽተኛና ለወላድ መልካም ነውና። ሦስተኛው ጉርብትና ነው። ቆንስሎቹ፣ ካህናቱና ባለ ገንዘቦቹ በዚሁ መንገድ ቤት እየሠሩ ነበር፤ ሆስፒታል ደግሞ የባንዲራ ያህል ይታይ ነበር።

ቀድሞ የመጣው ትንሹ ነው፤ በሰብአዊነቱ ግን የሚወዳደረው የለም። ጀርመናዊው ሐኪም ማክስ ሳንድሬችኪ በ1872 «ማሪየንሽቲፍት» የተባለውን የሕፃናት ሆስፒታል ከፈቱ። የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ያለ ስብከት ይታከምበት ነበር። ተቋሙ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነበርና ሐኪሙ በ1899 ሲሞቱ ተዘጋ። ከዚያ ታላላቆቹ ተከታተሉ፦ የሮትሺልድ ሆስፒታል በ1888፣ የዲያቆናዊቶቹ በ1894፣ የእንግሊዝ ሚሲዮን በ1897። የጣሊያኑ ግንባታ በአርክቴክት አንቶኒዮ ባርሉዚ ንድፍ በ1912 ተጀምሮ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካቆመው በኋላ በ1919 አለቀ፤ ማማው የፍሎረንስን ቤተ መንግሥት ያስታውሳል። የቢኩር ሆሊም አዲስ ሕንጻም በጦርነቱ ተጓትቶ በ1925 ተከፈተ፤ በመዶሻ የተቀጠቀጡት የመዳብ በሮቹ የሠዓሊው የዜኤቭ ራባን ሥራ ናቸው።

ጉድጓዱና መስኮቱ

እነዚህን ሕንጻዎች ለመረዳት ከፊት ለፊት ጌጣቸው ይልቅ ሁለት ነገር መመልከት ይበጃል፤ ከመሬቱ በታች ያለውን የውኃ ጉድጓድና የመኝታ ክፍሎቹን መስኮት።

በኢየሩሳሌም ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ በዓመት በአማካይ 550 ሚሊ ሜትር ገደማ። በቧንቧ የሚመጣ አስተማማኝ ውኃ ባልነበረበት ዘመን ሆስፒታል የሚጠጣውም የሚያጥበውም ከጣሪያው ወርዶ በዓለት ውስጥ ከተፈለፈለ ጉድጓድ የተጠራቀመውን ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። ጣሪያው 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከዝናቡ 80 በመቶው ቢያዝ በዓመት 440 ሜትር ኩብ ይገኛል፤ ይህም በቀን 1,200 ሊትር ያህል ነው። 40 አልጋ ላለው ሆስፒታል በአልጋ 30 ሊትር ይደርሳል። ከዚህ ላይ የሚበሰለው፣ የሚታጠበው አንሶላና ገላ፣ የሐኪሙ እጅ መታጠቢያ ሁሉ ይወጣል። የዛሬ ሆስፒታል በአልጋ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ይፈጃል። ሆስፒታሎቹ ብዙና ትንንሽ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ይገኛል። አልጋ መጨመር ማለት ጣሪያ ማስፋትና ተጨማሪ ዓለት መፈልፈል ነበር። እንግሊዞች ከተማዋን ከያዙ በኋላ በ1918 ከደቡብ ምንጮች ውኃ በቧንቧ አስገቡ፤ ከባሕር ዳርቻው ሜዳ የሚመጣው ትልቁ መስመር የደረሰው ግን በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው።

ጉድጓዱ በሽታም ያመጣ ነበር። የኢየሩሳሌም ወባ እንደ ቆላ ወባ ከረግረግ የሚነሣ አልነበረም፤ ትንኟ የምትራባው በየግቢው ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሆስፒታሉ ወባ እያከመ በራሱ ግቢ ወባ ሊያረባ ይችል ነበር። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ትጋት ይጠይቃል። የጉድጓዱን አፍ አጥብቆ መክደን፣ በባልዲ መቅዳት ትቶ የእጅ ፓምፕ መትከል፣ የሚፈስበትን ቱቦ በወንፊት መሸፈን፣ መክደን ባልተቻለበትም የነዳጅ ዘይት ስስ ሽፋን በውኃው ላይ ማፍሰስ። ትንኟ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከሳምንት በላይ ስለሚወስድባት ዘይቱ በየሳምንቱ ከታደሰ ዑደቱ ይቋረጣል። አንድ ሳምንት ከተዘለለ ግን የቀደመው ልፋት ከንቱ ይሆናል። ከ1918 በኋላ በከተማዋ ወባን ያዳከመው ይህ አድካሚ የግቢ ለግቢ ቁጥጥር ነው።

ወደ መስኮቱ እንምጣ። የእንግሊዝ ሚሲዮን ሆስፒታልን የነደፉት አርተር በረስፎርድ ፓይት መኝታ ክፍሎቹን በአንድ ትልቅ ሕንጻ አልጨመቁም። የተለያዩ ቤቶች አድርገው በግማሽ ክብ ደረደሩና በመተላለፊያ አያያዟቸው። በዘመኑ በአውሮፓ የተለመደ አሠራር ነበር፤ አንዱ ክፍል ቢበከል ሌላው እንዲድን ታስቦ ነው። የዚህ ዓይነት መኝታ ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው፤ ስፋቱ ከ7 እስከ 9 ሜትር፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ በሁለቱም ጎን ትይዩ ሆነው አልጋዎቹ በመስኮቶቹ መካከል የሚቆሙ። የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ በከፍተኛው መስኮት ይሄዳል፤ ቀዝቃዛው በታችኛው ይገባል። አንዲት ነርስ በአንድ ጫፍ ቆማ ሁሉንም አልጋ ታያለች። አንቲባዮቲክ በሌለበት ዘመን ነፋስና ርቀት ከሐኪሙ መሣሪያዎች ተራ ይቆጠሩ ነበር።

የእኛ ቤቶች

ከሮትሺልድ ሆስፒታል አካባቢ ወደ ሰሜን የምትገነጠለው ቀጭን መንገድ «የኢትዮጵያ ጎዳና» ትባላለች። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ በዚያ ይገኛል። በነቢያት ጎዳና ላይ ደግሞ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1920ዎቹ የተሠራው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሕንጻ አለ። ፊቱ በሞዛይክ ያጌጠ ነው፤ የይሁዳ አንበሳም ከነግእዝ ጽሕፈቱ ይታይበታል። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩትና በኋላ ለሬዲዮ ጣቢያ ያገለገለው ትልቅ ሕንጻ ከዚያ ወደ ደቡብ ብዙም አይርቅም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጎዳና ሆስፒታል አልሠራችም። መሪዎቿ የመረጡት ሌላ ነበር፤ የሚከራይ ቤት ሠርተው ኪራዩ ለገዳማቱ መተዳደሪያ እንዲሆን። ይህ ምርጫ ሊመረመር ይገባዋል። የአውሮፓ ማኅበራት ሆስፒታል በየዓመቱ ከውጭ ገንዘብ ካልተላከለት አይቆምም፤ የኢትዮጵያ ቤቶች ግን ራሳቸው ገቢ ያመጡ ነበር። መነኮሳቱ በጎዳናው መቆየት የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሆስፒታሎቹ ያስከበሩት ሰፈር የኪራዩን ተፈላጊነት ሳይጨምር አልቀረም። የዘመናዊ ዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አባት ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳም ተከራይቶ የኖረው በዚችው የኢትዮጵያ ጎዳና ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ

ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ መኖር ያለው አደጋ በ1914 ታየ። የኦቶማን መንግሥት ከጀርመን ጎን ቆሞ ጦርነት ሲገባ የውጭ ዜጎች ልዩ መብት ተሰረዘ፤ የጠላት አገር ተቋማት ተዘጉ ወይም ለወታደር ተያዙ። ታይፈስና ረሀብ ከተማዋን በሚያጠቁበት ሰዓት አልጋው ተቆለፈ። በዚያ ጭንቅ ወቅት ከሠሩት አንዷ ሐኪም ሄለና ካጋን ናቸው፤ በ1914 መጥተው ሴት በመሆናቸው ፈቃድ ተከልክለው የነበሩ የሕፃናት ሐኪም። ለጨቅሎች ንጹሕ ወተት ለማግኘት ላም እስከ መግዛት ደርሰዋል። በኋላ የኖሩት በዚሁ ጎዳና 64 ቁጥር ቤት ነው።

በ1918 ከአሜሪካ የመጣው ከ40 በላይ ሐኪሞችና ነርሶች ያሉት ቡድን የሮትሺልድን ሆስፒታል ተረክቦ ሥራ ጀመረ፤ ሀዳሳ ሆስፒታል ከዚህ ተነሣ። በዚያው ዓመት የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የጎዳናው ታሪክ የሚታጠፈው እዚህ ላይ ይመስለናል። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታሎቹ የታመመን መጠበቂያ ነበሩ፤ ሀዳሳ ግን ጤነኛውንም ፍለጋ ወጣ። በ1921 የተጀመረው የእናቶችና የሕፃናት ጣቢያ «ጢፓት ሀላቭ»፣ የወተት ጠብታ፣ ወተት አፍልቶና አሽጎ በአህያ ወደየቤቱ ይልክ ነበር፤ ሕፃኑን በየጊዜው ይመዝናል፣ እናቲቱን ያስተምራል። ዛሬ በእስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን እናቶች ልጃቸውን ለክትባትና ለክብደት የሚወስዱበት ጣቢያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የነቢያት ጎዳናን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ በ1929 የተከፈተው የሽትራውስ ጤና ማእከልም ለሁሉም ዘርና እምነት የተሠራ መሆኑ በግድግዳው ተጽፏል። ከጎዳናው በስተደቡብ ደግሞ ሐኪም አብርሃም ቲኮ ብዙዎችን ያሳወረውን ትራኮማ የሚያክሙበት የዓይን ሆስፒታል ነበር።

ሀዳሳ በ1939 ወደ ስኮፐስ ተራራ ሲወጣ የመሀል ከተማው ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን 1948 ወደዚያ ይጓዝ የነበረ የሐኪሞችና የነርሶች ቅፍለት ተጠቅቶ 78 ሰዎች ሞቱ። ተራራው ተቆርጦ ቀረ፤ ሀዳሳ ወደ አሮጌዎቹ ሕንጻዎች፣ ወደ እንግሊዝ ሚሲዮን ሆስፒታልም ጭምር ተመለሰ። የጎዳናው ምሥራቃዊ ጫፍ የጦር ግንባር ሆነ፤ የጣሊያን ሆስፒታልም እስራኤልንና ዮርዳኖስን በለየው መስመር አጠገብ ቀረ። ያ መሸጋገሪያ የተባለ ኑሮ በከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለው የሀዳሳ የኤን ካሬም ሆስፒታል እስከተከፈተበት እስከ 1961 ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ቆየ።

ለምን ሄዱ?

በኤን ካሬም ሁሉ ነገር በአንድ ግቢ ተሰበሰበ። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተበታተኑ ቤቶች ያሉት ሆስፒታል እያንዳንዱን ነገር ደጋግሞ መግዛት አለበት፤ አለዚያ በሽተኛውን በዝናብ ውስጥ እየገፋ ከራጅ ወደ ቀዶ ሕክምና ያመላልሳል። ሁለት አልጋዎች ተላልፈው እንዲያልፉ ኮሪደር ወደ 2.4 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። አልጋ ከነነርሱ የሚይዝ ሊፍት ከመሠረት እስከ ጣሪያ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ይጠይቃል፤ ያን ለመክፈት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወፍር ግንብና ቅስት መስበር ግድ ነው። የኦክስጅን መስመር፣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ ብዙ ቶን የሚመዝን የምርመራ መሣሪያ ሲጨመር አሮጌው ወለል አይሸከምም። አንቲባዮቲክ በ1940ዎቹ ከመጣ በኋላ ደግሞ ክፍሎቹን የማራራቁ ዋና ምክንያት ላላ። ስለዚህ ለ1897 እጅግ ብልህ የነበረው ንድፍ ለ1961 ሸክም ሆነ።

የሕንጻዎቹ ዕጣ ይህን ያረጋግጣል። የእንግሊዙ የአንግሊካን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ነው፤ የሮትሺልዱ የሀዳሳ ኮሌጅ፤ የጣሊያኑ የትምህርት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት። ሦስቱም ወደ ትምህርት መሄዳቸው የአጋጣሚ ብቻ አይመስለንም። 8 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሁለት ጎን ብርሃን የሚገባው መኝታ ክፍል በአንድ ግድግዳ ቢከፈል መልካም መማሪያ ክፍል ይወጣዋል። ተማሪ በደረጃ ይወጣል፤ የአልጋ ሊፍት አይፈልግም።

ሕንጻው ሥራ ሲለውጥ የሚበላሸው ግን ብዙ ነው፤ የሚያሳዝነው አብዛኛው ማስቀረት የሚቻል መሆኑ ነው። ግንቦቹ በሁለት ፊት ጥርብ ድንጋይ፣ በመካከላቸው በኖራና በጠጠር ሙሌት የተሠሩ ናቸው። ኖራው ይተነፍሳል፤ ግንቡ የጠጣውን እርጥበት በመጋጠሚያው ያወጣዋል። አዳሽ መጥቶ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሲደፍነው እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጣት ይጀምራል፤ ከውስጥ የተሸከመው ጨው ከድንጋዩ ቆዳ ሥር ይረጋል፤ ከዓመታት በኋላ የድንጋዩ ፊት እንደ ቅርፊት ይላጣል። የሚሻለው በአንድ እጅ ኖራና በሦስት እጅ አሸዋ መደፈን፣ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ለቀናት በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኋላ በጣሪያዎች የገቡት የብረት ተሸካሚዎችም ውኃ ካገኛቸው ይዝጋሉ፤ ዝገት ከብረቱ እጅግ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የተቀበረበትን ድንጋይ ይሰነጥቃል። ቀለም ቀብቶ ስንጥቁን መሸፈን በሽታውን መደበቅ ነው፤ መጀመሪያ የጣሪያው ፍሳሽ የት እንደሚወርድ መፈለግ አለበት።

አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ወደ ተረሳው ጉድጓድ ነው። ቧንቧ ከገባ በኋላ ያልተመዘገበ፣ አፉ በአስፋልት የተሸፈነ ማጠራቀሚያ ከመሠረቱ ሥር ሲቀር ውኃው ግንቡን ከታች ያርሰዋል። በአጠገቡ ለአዲስ ፎቅ መሠረት ሲቆፈርም ድንገት ይደረመሳል። ማንኛውም የግንባታ ፈቃድ በዚህ ጎዳና ሊሰጥ ሲታሰብ የጉድጓዶቹ ቦታና ጥልቀት ተለክቶ በካርታ መውጣቱ ከሁሉ መቅደም ይኖርበታል።

ኮርኒስ ዝቅ ማድረግ ሌላው ስሕተት ነው። ለአየር ማቀዝቀዣ ተብሎ ከፍተኛው መስኮት በሰው ሠራሽ ኮርኒስ ሲዘጋ ሕንጻው በተፈጥሮ የሚተነፍስበት መንገድ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ በመብራት ብቻ የሚኖር ቤት ይሆናል።

የቢኩር ሆሊም ጉዳይ ግን ከሕንጻ ጥበቃ ያለፈ ነው። ሆስፒታሉ ለዓመታት በዕዳ ተይዞ፣ በ2007 ለአንድ ባለሀብት ተሸጦ፣ በመጨረሻ ከሻአሬ ጼዴቅ ጋር ተጠቃለለ። በገንዘብ ዓይን ሲታይ ውሳኔው ይገባል፤ ትንሽ ሆስፒታል ሁሉን ዓይነት ሕክምና በየብቻው መያዝ አይችልም። የሚያከራክረው «ሁሉን ወይም ምንም» የሚለው አስተሳሰብ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ከባድ አደጋ፣ ካንሰር ወደ ትልቁ ግቢ መሄዳቸው ትክክል ነው። ወሊድ፣ የሕፃናት ክትትል፣ የስኳርና የደም ግፊት ተመላላሽ፣ ቀላል ድንገተኛ ሕክምና ግን ትልቅ መሣሪያ ሳይሆን ቅርበት ነው የሚፈልጉት።

በዚህ ሰፈር ቅርበት የተለየ ትርጉም አለው። ከጎዳናው በስተሰሜን ሜአ ሼአሪምና ሌሎች የአጥባቂ አይሁድ ሰፈሮች ናቸው፤ ወሊድ የሚበዛባቸው ቤቶች። በሰንበት ነፍስ ለማዳን መኪና መንዳት ስለሚፈቀድ ወላዷ በሰንበትም ቢሆን በመኪና ትሄዳለች። አራስ ለመጠየቅ መንዳት ግን አይፈቀድም። ቢኩር ሆሊም ለወለደች ሴት ባሏና እናቷ ዓርብ ማታ ሻማ ከበራ በኋላም በእግራቸው በጥቂት ደቂቃ ይደርሱ ነበር፤ ሻአሬ ጼዴቅ ለወለደች ግን መንገዱ ለአንድ ሰው በእግር ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ መመለሻው ሳይቆጠር።